ሦስተኛው ጥያቄ

በዋራኒን ትምህርት ቤት፣ ከጽሕፈት ቤቱ በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አሥራ አንድ ስም ይዞ ቀርቷል። ሬትኖ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ በዚያ ታልፋለች። ታልፋለች ይባል እንጂ ትቆጥራለች። ሰው ካለ የጫማዋን ማሰሪያ የምታጠብቅ መስላ ጎንበስ ትልና ከታች ወደ ላይ ትቆጥራለች፤ ማንም ከሌለ እያንዳንዱን ስም በጣቷ እየነካች ከላይ ወደ ታች ትወርዳለች። ከላይም ተጀመረ ከታች፣ ያው አሥራ አንድ ነው።

ደንቡ አሥራ ሁለት ይላል። ለሚመጣው ዓመት የኢንዶኔዥያ ቋንቋ ክፍል እንዲከፈት አሥራ ሁለት ተማሪ መመዝገብ አለበት። አንድ ከጎደለ ክፍሉ ይዘጋል። ክፍሉ ከተዘጋ አስተማሪ አያስፈልግም፤ አስተማሪ ካላስፈለገ ደግሞ የሬትኖ የመኖሪያ ፈቃድ የተንጠለጠለው በዚያ ሥራ ላይ ነውና አብሮ ይወድቃል። ፈቃዱ ሲወድቅ ልጇ ሴካር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ልትጀምር ሦስት ወር ሲቀራት፣ ሻንጣዋን ትሸክፋለች። ምዝገባው የሚዘጋው ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ነው። ማክሰኞ ደርሷል።

ሬትኖ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ከኢንዶኔዥያዋ ጃቫ ደሴት ወደዚህ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር ስትመጣ ያን ጊዜ የነበራትን ቋሚ የመምህርነት ሥራ ለቃ ነው የመጣችው። የተነሳችበት ወንበር ላይ ሌላ ሰው ከተቀመጠ ቆየ። በአገሯ ደግሞ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነን ሰው ለመንግሥት መምህርነት አዲስ አይቀጥሩም። ባሏ ቢሞት እንኳ መቃብሩን ትጎበኝ ነበር፤ ሰውየው ግን እዚያው ሱራባያ ከተማ ውስጥ ሌላ ሚስት አግብቶ በሰላም ይኖራል። እንግዲህ ከኋላዋ የተዘጋው በር አንድ ብቻ አይደለም።

የዋራኒን ሰው ክፉ አይደለም። ስንዴ ይዘራል፣ በግ ያረባል፣ ዝናብ ሲጠፋ ሰማይ ያያል። ባለፈው የወላጆች ስብሰባ ላይ ሬትኖ ተነስታ፣ እዚህ የሚታጨደው ስንዴ ባሕር ተሻግሮ እሷ አገር ኑድል የሚሉት ቀጭን ፓስታ ሆኖ እንደሚበላ ነግራቸው ነበር። «ልጆቻችሁ ስንዴያቸውን ከሚበላው ሰው ጋር ቢነጋገሩ ምናለበት?» አለቻቸው። ደስ ብሏቸው ሞቅ አድርገው አጨበጨቡላት። ከዚያ ወጥተው ልጆቻቸውን ለሚመጣው ዓመት ሊከፈት ለታሰበው የብየዳ ክፍል አስመዘገቡ።

ያን ማክሰኞ ለዘጠነኛ ክፍሎች የእንግዳ አቀባበል ታስተምር ነበር። ዝንቡ ከልጆቹ ይልቅ በትጋት ክፍል ውስጥ ይመላለሳል። ሬትኖ ሰሌዳው ላይ «ሲላካን» ብላ ጻፈች። እንካችሁ፣ ብሉ፣ ጠጡ ማለት ነው።

«ሥርዓቱ እንዲህ ነው» አለች። «ባለቤቱ ሻይ ያቀርባል። እንግዳው ‹አይ፣ አይቸገሩ› ይላል። ባለቤቱ ይደግማል። እንግዳው አሁንም ‹አይ፣ አይቸገሩ› ይላል። በሦስተኛው ግን...»

«በሦስተኛው ሻዩ ቀዝቅዟላ!» አለ ጄት። የክፍሉ አፍ ጄት ነው፤ ስሙ ከአሥራ አንዶቹ አንዱ ስለሆነ ሬትኖ ሁሉን ትችለዋለች።

«ቆይ ግን ቡ» አለች ከፊት የተቀመጠችው ብሪዲ። በሬትኖ አገር ሴት መምህርን ቡ ብለው ነው የሚጠሩት፤ ልጆቹ ከተማሩት ሁሉ ያልረሱት ይህን ነው። «ሰውየው ከጠማው ለምን መጀመሪያውኑ እሺ አይልም?»

«መጀመሪያ እሺ ያለ ሆዳም ይባላል። በሁለተኛው እሺ ያለም ቸኩሏል ይባላል። ባለቤቱ የጠየቀው ከልቡ ከሆነ ሦስተኛውን ይጨምራል። ለወጉ ያህል ከሆነ ደግሞ ይተወዋል፤ ማንም ሳያፍር ይለያያሉ።»

«እሺ፣ እኔ ልጠይቅሽ» አለ ጄት ከወንበሩ ተነስቶ። «ቤቴ በእሳት እየነደደ ነው። አንቺ ባልዲ ተሸክመሽ መጣሽ። ‹ጄት፣ ውኃ ላፍስበት?› ስትዪኝ፣ ጣራው እየወረደብኝ፣ ‹አይ ቡ፣ አይቸገሩ› ልበል? እሱንም ሁለቴ?»

ሬትኖ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። በዚያ ሳምንት የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እሳት ሌላ ነው» አለችው። «እሳት ሲሆን ሰው ወጉን ይረሳል።»

ከዚያ ጄት ባለቤት፣ ብሪዲ እንግዳ ሆነው አሳዩ። ጄት ሻዩን ሊደፋባት ጥቂት እስኪቀረው እየቀለደ አቀረበ። ብሪዲ ግን ዓይኗን ዝቅ አድርጋ፣ እጇን ደረቷ ላይ አኑራ፣ አንዴ አይ፣ ሁለቴ አይ አለችና በሦስተኛው በሁለት እጇ ተቀበለች። የሬትኖ እናት ብታያት ልጄ ትላት ነበር። ከክፍሉ ሁሉ ቋንቋው የገባው ለዚህች ለበግ አርቢ ልጅ ነው፤ ስሟ ግን ከወረቀቱ ላይ የለም።

ደወል ሲደወል ሬትኖ በሩ ላይ ጠበቀቻት። «ብሪዲ፣ ለሚመጣው ዓመት... ሁሉ ነገር መልካም ነው?» አለቻት። ልትጠይቃት የቻለችው ይህን ያህል ብቻ ነው።

«መልካም ነው ቡ። አባዬ ብየዳ ይሻልሻል ብሎኝ ነው እንጂ...» አለችና ልጅቷ ትከሻዋን ሰብቃ አውቶቡሷን ልትይዝ ሮጠች።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ርዕሰ መምህሩ ዴዝ ክራዶክ አስጠራት። ዴዝ ቁምጣ ለብሶ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ የሚስብ፣ ድምፁ ትልቅ፣ ልቡ ደግሞ ከድምፁ የሚበልጥ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ገና የተገመጠ ሳንድዊች ተቀምጧል።

«ግቢ ሬትኖ፣ ግቢ። ቁጭ በይ። እንዴት ነሽ?»

«ደኅና ነኝ፣ አቶ ክራዶክ።»

«ዴዝ በይኝ! አራት ዓመት ሙሉ ስለምንሽ።»

«እሺ፣ አቶ ክራዶክ።»

ሳቀና ወንበሩን አስጠጋ። «ያው አሥራ አንድ ላይ ቆመናል። እንግዲህ ስሚኝ። የክልሉ ቢሮ ውስጥ ይህን የሚወስነውን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ በልጅነታችን ክሪኬት አብረን ተጫውተናል። ብደውልለት በአሥራ አንድም ክፈት ይለኛል፤ ይሉኝታ አለበት። ልደውልለት?»

ባልዲው ደጃፏ ድረስ መጣ ማለት ይህ ነው። ሬትኖ ስንት ቀን የጸለየችው ለዚህች ለአንዲት ቃል ነው። ልቧ ደውልልኝ፣ አሁኑኑ ደውልልኝ ይላል። ነገር ግን ከፊቷ የተቀመጠው አለቃዋ ነው፣ ትልቅ ሰው ነው፣ የሚጠየቅላትም ውለታ ከባድ ነው። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

«አይ፣ አቶ ክራዶክ። በእኔ የተነሳ አይቸገሩ» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ? ለእኔ እኮ ምንም አይደለም፤ አንድ ስልክ ነው።»

ሁለት፣ አለች ሬትኖ በሆዷ። አንድ ይቀራል።

«እርግጠኛ ነኝ። ኧረ አይቸገሩ» አለችና እናቷ ያስተማረቻትን ፈገግታ ፈገግ አለች።

ዴዝ ጥቂት አያት። በእሱ አገር ሁለቴ እምቢ ያለችን ሴት ሦስተኛ መጠየቅ መጨቅጨቅ ነው፤ ነውር ነው። እንዲያውም ልቡ ተነካ። «ገባኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰው አገሩ ይናፍቀዋል። አልፈርድብሽም፣ የኔ እህት።»

ሬትኖ ቦርሳዋን አነሳች። ወንበሩን ቀስ ብላ ወደ ቦታው መለሰች፤ እግሩ ከምንጣፉ ጋር እንዲስተካከል አደረገች። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የወደቀች እስክሪብቶ አነሳችና አስቀመጠች። ወደ በሩ አራት እርምጃ ነበር፤ እሷ ሰባት አደረገችው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። ዴዝም ቀና አለ፤ ሳንድዊቹን ይዟል።

«በሩን ክፍቱን ተዪው» አላት። «ይሞቃል።»

ማታ፣ ጀምበር ገና ሳትጠልቅ፣ ሴካር ኑድል እየቀቀለች ሰማቻት። ሬትኖ ነገሩን እንደ ምሥራች ነው ያወራችው፤ ሰውየው ሊደውል አስቧል፣ ነገ ይጠይቀኛል አለች። ሴካር ማንኪያውን ድስቱ ውስጥ ተወችው።

«ስንት ጊዜ ጠየቀሽ?»

«ሁለቴ።»

«እማዬ!»

«ትልቅ ሰው ነው። ያውቃል።»

«ምኑን ነው የሚያውቀው? እማዬ፣ እዚህ አገር ሦስተኛ የሚባል ነገር የለም! አይ ካልሽ አይ ነው! ነገ በጠዋት ግቢና ‹ደውልልኝ› በይው።»

«የተፋሁትን እንዴት እልሳለሁ?»

«ትልሺዋለሻ!» አለች ሴካር። ድምፅዋ ተሰበረ። አንድ ጣቷን ከእንፋሎቱ በላይ አነሳች። «አንድ ዓመት ነው የቀረኝ። አንድ። ክፍል ውስጥ ለሌላ ሰው ልጅ ስታስተምሪ አንደበትሽ እንዴት እንደሚፈታ እኮ አውቃለሁ። ለእኔ ሲሆን ነው የሚታሰረው?»

ኑድሉ ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው።

ሐሙስ ዕለት ሬትኖ በጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ስትመላለስ ዋለች። አንዴ ጠመኔ ፈልጋ፣ አንዴ ወረቀት ፈልጋ፣ አንዴ ምንም ሳትፈልግ። ዴዝ ሦስት ጊዜ አገኛት። በመጀመሪያው «ሙቀቱ አይጣል ነው!» አለ። በሁለተኛው «ዝንቡስ ብትዪ!» አለ። በሦስተኛው ትከሻዋን መታ መታ አድርጓት፣ በዓይኑ ብቻ አይዞሽ ብሏት አለፈ። ያ አይዞሽ አስፈራት። ልትከተለው አንድ እግሯን አነሳች፤ ትናንት አይቸገሩ ያለች ሴት ዛሬ ምን ብላ ትጀምራለች? እግሯን መለሰችው። እንዲህ ያለውን ጨዋነት ማን እንደፈጠረው እንጃ፤ ለራት እንኳ አይሆንም።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ትምህርት እንዳበቃ መኪናዋን አስነስታ የብሪዲን ወላጆች ፍለጋ ወጣች። አሥራ ሁለተኛው ስም ከተገኘ ዴዝን መለመን አያስፈልግም፤ ወረቀቱ ራሱ ይናገርላታል። አርባ ኪሎ ሜትር የአቧራ መንገድ ነው። በሁለቱም በኩል ስንዴው ደርሶ ኮምባይነሮቹ ይርመሰመሳሉ። ከጎኗ ወንበር ላይ በወረቀት የጠቀለለችው የተጠበሰ ሙዝ አለ፤ ባዶ እጅ አይኬድም።

የብሪዲ እናት ሊያን ለአጫጆቹ ራት እያዘጋጀች ነበር። ኩሽናው ራሱ እንደ ምድጃ ይፋጃል።

«ቡ ሬትኖ! ምን እግር ጣለሽ? ግቢ። ሻይ?»

«አይ፣ አይቸገሩ።»

«እሺ» አለች ሊያን፤ ለራሷ ቀዳችና ፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ ጠጣች።

የሬትኖ ጉሮሮ ደርቆ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቋል። ስለ ዝናቡ ጠየቀች። ስለ ስንዴው ጠየቀች። ስለ በጎቹ፣ ስለ ሊያን እናት ወገብ፣ ደጅ ስለተኛው ሽማግሌ ውሻ ጠየቀች። በእሷ አገር ቢሆን አንድ መምህር አርባ ኪሎ ሜትር ነድታ፣ ምግብ ይዛ፣ ልጅ ያለበት ቤት መጥታ ከተቀመጠች ባለቤቶቹ ገና ሙዙን ሳይቀምሱ ጉዳዩ ይገባቸዋል፤ ራሳቸው ያነሱላታል። ሊያን ግን አንዱን ሙዝ በላች፣ ሁለተኛውን በላች፣ «ይጣፍጣል» አለች፣ ሰዓቷን አየችና ተነሳች።

«ይቅርታ የኔ ቆንጆ፣ ራቱን ማሳ ማድረስ አለብኝ። ስለመጣሽ ደስ ብሎኛል።»

ሬትኖም ተነሳች። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ባለው ባዶ ኩባያ ላይ አረፈ። አንድ ኩባያ። ሴትየዋ ጨካኝ ሆና አይደለም፤ አይ ስላለቻት ነው። የዴዝ በሩን ክፍቱን ተዪው፣ የሴካር አንድ ጣት፣ ያ አይዞሽ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባት።

«ሊያን» አለች። «የመጣሁት ልለምንዎ ነው።»

«ምን ሆንሽ?»

«የብሪዲን ስም እፈልጋለሁ። አንድ ስም ጎድሎኛል። ነገ ካልሞላ ሥራዬ ያልቃል፣ አገር እለቃለሁ፣ ልጄ ትምህርቷን ሳትጨርስ ትቀራለች። እባክዎ። እባክዎ ይስጡኝ።» ይህን ስትል ልብሷን ገበያ መሃል ያወለቀች ያህል ፊቷ ነደደ።

ሊያን ድስቱን መልሳ አስቀመጠችው። «አንቺ ሴትዮ! ይህን ለማለት ነው ሰዓት ሙሉ ስለ እናቴ ወገብ ያስወራሽኝ?» አለች። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመነጋገሪያ ሬድዮ አንስታ ኮምባይነር ላይ ያለውን ባሏን ጠራችው። «ግሬም! ብሪዲ የቡ ሬትኖን ትምህርት ልትወስድ ነው።»

ሬድዮው ተንጫጫ። «ብየዳውስ?»

«ብየዳውን አንተ ታስተምራታለህ። እጅህ ላይ ያለውን ጠባሳ አሳይተህ።»

«ራቱ የት ደረሰ?»

«እሺ ብሏል» አለች ሊያን ሬድዮውን እየሰቀለች፤ እስክሪብቶ ፈልጋ ሬትኖ ይዛ የመጣችውን የምዝገባ ወረቀት ፈረመች። ጓዳ ሆና ስትሰማ የነበረችው ብሪዲ ብቅ አለችና ሬትኖን አንገቷን አቅፋ ዘለለች።

ሬትኖ ስትመለስ መንገድ ዳር ቆማ አለቀሰች። መጠየቅ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ይዟት ነበር? ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ አውጥታ አየችው፤ መልሳ ከተተች። ቤት ስትደርስ ለሴካር ምንም ሳትናገር ወረቀቱን ብቻ አሳየቻት። እናትና ልጅ ያን ማታ ከስንት ቀን በኋላ እስኪጠግቡ በሉ።

ዓርብ ማለዳ ሬትኖ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። ዴዝ አውቶቡሶቹን ሊቀበል ወጥቷል። ሬትኖ ወረቀቱን ለጸሐፊዋ ስትዘረጋላት፣ ጸሐፊዋ ሳታየው እጇን ያዘቻት፤ «ለዴዝ በሻይ ሰዓት ስጪው፤ በሻይ ሰዓት እንዳትቀሪ ደግሞ!» ብላ ጠቀሰቻት። ሬትኖ ቸር ወሬ ነው ብላ አሰበች። ደስታ ሞኝ ያደርጋል።

በሻይ ሰዓት የመምህራኑን ክፍል በር ስትከፍት ሁሉም እዚያ ነበሩ፤ መምህራኑ፣ ጸሐፊዋ፣ ዘጠነኛ ክፍሎቿም በሙሉ፣ ግራ የገባት ብሪዲ ጭምር። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ኬክ አለ። በላዩ፣ በእሷ ቋንቋ፣ በዚያው ጠዋት በልጆች እጅ የተጻፈ ጽሑፍ አለ። ተጓዥን የሚሸኙበት ቃል ነው፤ መልካም መንገድ ይላል። አንድ ፊደል ስታለች። ሬትኖ ከሁሉ በፊት ያየችው ስህተቷን ነው፤ ትርጉሙ የገባት ቆይቶ ነው።

ዴዝ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ወዳጆቼ፣ እኔ ንግግር አልችልም። ይህች ሴት አራት ዓመት ልጆቻችንን አስተምራለች፤ አንድ ቀን አጉረምርማ አታውቅም። ረቡዕ ዕለት፣ እንድትቀሪ ልደውልልሽ ብያት ነበር። ሁለቴ ጠየቅኋት። አይቸገሩ አለችኝ። ያን ጊዜ ነው አገሯ እንደናፈቃት የገባኝ። ሬትኖ፣ በሰላም ግቢ። እናመሰግናለን።»

አጨበጨቡ። እንደ ወላጆቹ ሞቅ አድርገው አጨበጨቡ።

«አቶ ክራዶክ» አለች ሬትኖ። ወረቀቱን ዘረጋችለት። «አሥራ ሁለት ሞልቷል። ብሪዲ ናት። ገና እኩለ ቀን አልሆነም።»

ዴዝ አነበበው። ፊቱ ላይ ያለው ደም ወደ አንገቱ ወረደ። «ሬትኖ... ረቡዕ ከሰዓት እኮ የብየዳውን መምህር ቀጠርኩት። ያንቺን ቦታ ነው የሰጠሁት። ትናንት ፈርሟል። የነበረበትን ሥራ ለቆ፣ ቤቱን ለሽያጭ አውጥቶ፣ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ሊመጣ ነው።» ድምፁ ትንሽ ሆነ። «አንቺ መሄድ የፈለግሽ መስሎኝ። ጠይቄሽ ነበር እኮ።»

«ሁለቴ ብቻ ነው የጠየቁኝ» አለች ሬትኖ።

መምህራኑ እርስ በርስ ተያዩ፤ የገባው የለም። ዘጠነኛ ክፍሎች ግን አልተያዩም። አንድ በአንድ አንገታቸውን ደፉ። ጄት፣ የክፍሉ አፍ፣ ጫማውን እያየ፣ «እሳት ሌላ ነው ብለሽን ነበር ቡ» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀለት አልነበረም።

ዴዝ፣ ምን እየጠየቀ እንደሆነ ሳያውቅ፣ «አሁን ልደውል?» አላት።

«አዎ» አለች ሬትኖ። «እባክዎ ይደውሉ። መቅረት እፈልጋለሁ። ሁልጊዜም መቅረት ነበር የምፈልገው።»

ዴዝ እየሮጠ ገባ። በመስታወቱ በኩል ጀርባው ይታያል። ስልኩን ይዞ ቆመ፣ ተቀመጠ፣ ተነሳ። ነጻ እጁ አየር ላይ ይለምናል። ከዚያ እጁ ወረደ፤ ግንባሩን ያዘ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፤ የዚህ ውሻ ጥፋቱ ግን መዘግየቱ አይደለም፤ በጊዜው ሁለቴ ጮኾ ነበር። ተመልሶ ሲወጣ ራሱን ነቀነቀ።

ሬትኖ የሴካርን አንድ ጣት አሰበች። ዛሬ ከሰዓት ቤት ስትገባ ልጇ በሩን ከፍታ ፊቷን እንደምታያት አሰበች። ምን ብላ ትጀምራለች? ከግድግዳው ጋ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰው አጠገቧ መቆምም መሄድም አፈረ። አንዱ ቢላዋ አነሳ፣ ኬኩ ተቆረሰ፤ ሰው የሚያደርገው ሲያጣ ይበላል።

ብሪዲ ሳህን ይዛ መጣች። ፊቷ ቆመች።

«ሲላካን፣ ቡ» አለች። «ይብሉ።»

በዚያ አገር አለቃም ሎሌም አንተና አንቺ ነው የሚባባለው። ልጅቷ ግን አሁን የምትናገረው በሬትኖ ቋንቋ ነው፤ እንደተማረችው አክብራ፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ።

ሬትኖ ራሷን ነቀነቀች። «አይ ብሪዲ። አትቸገሪ።»

ልጅቷ አልሄደችም። ሳህኑን ትንሽ ወደፊት አስጠጋችው። «ይብሉ፣ ቡ።»

«አይ የኔ ልጅ። አትቸገሪ።»

የክፍል መግቢያው ደወል ተደወለ። መምህራኑ ኩባያቸውን እያስቀመጡ መውጣት ጀመሩ። ብሪዲ ንቅንቅ አላለችም። ሳህኑን በሁለት እጇ ያዘች፤ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ሲላካን» አለች ለሦስተኛ ጊዜ።

ሬትኖ በሁለት እጇ ተቀበለቻት። «ልክ ነሽ» አለቻት። «እንደሱ ነው የሚጠየቀው።» ከዚያ ሳህኑን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ልጆቹ ፊት፣ ሳትሸፋፈን አለቀሰች።